በኩንታል ወይስ በጉዞ?

ዛሬ ከዋጋ ይልቅ ስለ ኪራይ ላውራ። ቡና ከጅማ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለትራንስፖርት ድርጅት በኩንታል ከፍሎ መላክ ይሻላል ወይስ መኪናውን ሙሉ መከራየት?

ለምሳሌ ሙሉ ኪራዩ 60,000 ብር ቢሆን፣ 200 ኩንታል ከጫናችሁ በኩንታል 300 ብር ነው፤ 120 ብቻ ከሆነ ግን 500 ይገባል። ድርጅቱ 400 ከጠየቀ መቁረጫው 150 ኩንታል ነው። ከዚያ በታች በድርጅት ላኩ። ጫኝና አውራጅ፣ መኪናው የቆመበት ቀንም በእናንተ ከሆነ መቁረጫው ከፍ ይላል።

እኔ አንዴ ረከሰ ብዬ በደላላ ቃል ብቻ ጫንኩ። ሁለት ጆንያ ጎደለ፣ ተጠያቂ አጣሁ። በየትኛውም ላኩ፣ የሚዛኑ ክብደትና ጉድለት የሚከፍለው ሰው በውል ይጻፍ። አለበለዚያ ከኪራይ ያተረፋችሁትን ጉድለቱ ይበላዋል።