አባባ ሲያወሩ ለምን ይቆማሉ?

ጠዋት ቃሊቲ፣ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አካባቢ ትንሽ ቆማችሁ መንገዱን ተመልከቱ። ወጣቱ ታክሲ ለመያዝ ይሮጣል። የጭነት መኪናው ጡሩምባውን ያስጮሃል። በዚህ መሃል ከዘራ የያዙ አንድ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር በዳር በዳር ይሄዳሉ። ልጁ "አባባ፣ እሁድ ለቅሶው ላይ እነማን ነበሩ?" ይላቸዋል። ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አስበው ይመልሱና ከዚያ እንደገና መራመድ ይጀምራሉ።

እርግጥ እኛ አገር ትልቅ ሰው ጨዋታ ሲጥመው ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ ማውራቱ የተለመደ ነው። ችግሩ እሱ አይደለም። ጥያቄው እያወሩ መሄድ ይችሉ የነበሩ ሰው አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ሲያቅታቸው ምን ማለት ነው የሚለው ነው። "እርጅና ነው" ብለን ከማለፋችን በፊት ነገሩን እንየው።

🔹 መራመድ የእግር ሥራ ብቻ አይደለም

ስንራመድ ዓይናችን ድንጋዩን ያያል፣ ጆሯችን የመኪናውን ድምፅ ይለያል፣ አእምሯችን ደግሞ "እዚህ ጋ ከፍ በል፣ እዚያ ጋ ዞር በል" እያለ ይመራል። ወጣትና ጤነኛ ስንሆን ይህ ሁሉ ሳናስበው ስለሚከናወን ስልካችንን እየነካካን ጭምር እንሄዳለን። ዕድሜ ሲገፋ ግን ሳናስበው የምናደርገው ነገር ሐሳብ መጠየቅ ይጀምራል። በዚያ ላይ ጥያቄ ሲጨመር አእምሮ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ እርምጃውን፣ ወይ ወሬውን።

እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸውታል። በአረጋውያን መኖሪያ ከሚኖሩ 58 ሰዎች ጋር አብረው እየሄዱ ወሬ ጀመሩ። 12ቱ ለመመለስ ቆሙ። ከ12ቱ ውስጥ 10ሩ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ወድቀዋል።

ነገሩ በመውደቅ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ጆ ቨርጊስና ባልደረቦቻቸው ሁለት ምልክቶችን አያያዙ። አንደኛው አረማመድ ከዕድሜ እኩዮች መዘግየቱ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ራሱ "እየረሳሁ ነው" ማለቱ። ሁለቱም ያሉባቸው ሰዎች በኋላ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ዓይነት አገር ጥሩው ዜና ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አለማስፈለጉ ነው። ሰዓትና ጥቂት ጥያቄ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ መለስተኛ የማስታወስ ችግር የነበረባቸውን 112 አረጋውያን ለዓመታት ተከታትሏል። ቁጥር ወደ ኋላ እየቆጠሩ ወይም የእንስሳት ስም እየጠሩ እንዲራመዱ ተደረገ። በዚህ ጊዜ ፍጥነታቸው በ20 በመቶና ከዚያ በላይ የወረደባቸው ሰዎች ወደ መርሳት በሽታ የመሻገር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር።

⚠️ እዚህ ጋ አንድ ነገር ይሰመርበት። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሁሉ የመርሳት በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ጉልበት ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ፣ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የማይመች ጫማ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ይታከማሉ። "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ መዳን የሚችለውን ነገር ሳናየው እናሳልፈዋለን።

🔹 "እርስዎ አይውጡ፣ እኛ እንላካለን"

ቤተሰብ የአባባን እርምጃ መዘግየት ሲያይ የመጀመሪያው መፍትሔ ምንድን ነው? ማስቀመጥ! "ይቀመጡ፣ እንዳይወድቁ።" ሱቅ ልጆቹ ይላካሉ፣ ዕድሩም ቤት ድረስ ይመጣል። ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 120 አረጋውያን ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን እስከ 40 ደቂቃ ወክ አደረገ። ሌላው ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠራ። ከዓመት በኋላ የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ፣ ማለትም አዲስ ነገር የምንይዝበትና መንገድ የምናውቅበት የአእምሮ ክፍል፣ በ2 በመቶ ገደማ አደገ። የሌሎቹ ቀነሰ።

ከ78 ሺህ በላይ እንግሊዛውያንን ያካተተው የ2022 ጥናትም በቀን 3,800 ያህል እርምጃ የሚራመዱ ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ25 በመቶ ዝቅ ብሎ ማግኘቱን ገልጿል። ይህ ዝምድናን እንጂ ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ብዙ የሚራመደው ሰው ቀድሞውኑ ጤናማ ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም 3,800 እርምጃ ማራቶን አይደለም። ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዚያ ጎረቤት ቡና ብሎ መመለስ ነው።

🔹 ታዲያ የት ይራመዱ?

የአቃቂ ቃሊቲ አረጋውያን ጉዳይ የከተማ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ክፍለ ከተማው የፋብሪካና የጭነት መኪና ሰፈር ነው። በጨርቃ ጨርቁና በብረታ ብረቱ በፈረቃ ሲገቡ ሲወጡ የኖሩት ሠራተኞች ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። ያኔ በእግራቸው የለመዱት መንገድ አሁን ከባድ መኪና የሚግተለተልበት ሆኗል። የእግረኛ መንገዱ አንዳንዱ ጋ አሸዋ ተደፍቶበታል፣ አንዳንዱ ጋ መኪና ቆሞበታል፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ የለም።

ቀለበት መንገዱን ለመሻገር ደግሞ የድልድዩን ደረጃ መውጣትና መውረድ ግድ ነው። ለ20 ዓመት ልጅ ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን "ከቤት አትውጪ" የሚል ማስታወቂያ ነው።

በመብራት እንሻገር ቢሉስ? በብዙ አገሮች የእግረኛ መብራት ሲሰላ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። 12 ሜትር መንገድ በዚህ ሒሳብ 10 ሰከንድ ይወስዳል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚሄዱ አባት ግን 15 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። የጎደለችው 5 ሰከንድ መኪና ፊት ላይ ታቆማቸዋለች። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን አንርሳ።

ሌላም አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ በልማት የተነሱ ነዋሪዎች ወደዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ገላን ጉራ መጥተዋል። ከዚያ በፊትም ቱሉ ዲምቱና ሌሎች ኮንዶሚኒየሞች ከመሃል ከተማ የመጡ ብዙ ሰዎችን ተቀብለዋል። ቤቱ ከቀድሞው ሊሻል ይችላል። የ70 ዓመት ሰው ግን በለመዱት ሰፈር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱበት መንገድ ነበራቸው። ማስታወስ መቸገር የጀመረ ሰው በለመደው ሰፈር ሳይታወቅበት ይቆያል፤ አዲስ ቦታ ሲገባ ነገሩ ድንገት ይገለጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ ብሎኮቹ መንትያ ናቸው፣ ሊፍት የለም፣ የድሮ ጎረቤት የለም። ሰውየው መውጣት ያቆማሉ። መራመዱም ወሬውም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ የእግረኛ መንገድ፣ በየመሃሉ አረፍ የሚባልበት መቀመጫና በቂ የመሻገሪያ ሰዓት የከተማ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደሉም። የጤና ጉዳይም ናቸው። መሃል ከተማ ላይ በኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድና መቀመጫ ሲሠራ አይተናል። ቃሊቲ ያሉ እናትና አባትም ያንኑ መጠየቅ መብታቸው ነው።

🔹 እኛስ ምን እናድርግ?

✅ ግቢ ውስጥ 4 ሜትር ለኩ። በተለመደው እርምጃቸው ይሂዱ፣ እናንተ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

✅ ደግማችሁ ወራትን ከጳጉሜን ወደ መስከረም እየጠሩ እንዲሄዱ ጠይቋቸው። እንዳይወድቁ አጠገባቸው ሁኑ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙና ከጥቂት ወራት በኋላ ድገሙት። ከአንድ ቀን ውጤት ይልቅ ለውጡ ነው የሚናገረው። (ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፤ ክብራቸው ነው።)

✅ ለውጥ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ግፊት፣ ስኳር፣ ዓይንና ጆሮ ይታዩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ከላካቸው ቀጠሮውን አታሳልፉ፤ በክፍለ ከተማው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ።

🚨 አረማመዳቸው በድንገት ከተበላሸ፣ ፊታቸው ከተጣመመ፣ ክንዳቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተንተባተበ ግን ነገ አትበሉ። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን የመርሳት በሽታን የሚያባብሱና ልንከላከላቸው የምንችላቸው 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። በሁሉም ላይ ቢሠራ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥና ከሰው መነጠል ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ዛሬ ሱቅ ስትላኩ ብቻችሁን አትሂዱ። "አባባ፣ እስከ ሱቁ አብረን እንሂድ" በሏቸው። መንገድ ላይ አጫውቷቸው። ከቆሙም አብራችሁ ቁሙ፣ ግን ልብ በሉት።