ከማን ቀራኸው?

በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጥናታችሁን ይዛችሁ ወደየአካባቢያችሁ የምትወጡ ብዙ ናችሁ። የፋርማሲው ተማሪ ስለ ባህል መድኃኒት፣ የግብርናው ስለ ዘርና ስለ ግጦሽ፣ እንደኔ ኢንጂነሪንግ ውስጥ ያለው ስለ ቤት አሠራርና ስለ ውኃ ሊጠይቅ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ከመሳፈራችሁ በፊት እንድታነቡት ነው።

ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የቀደሙ ተመራቂዎችን ጽሑፍ ያገላበጠ ሰው አንድ ሐረግ ደጋግሞ ያገኛል፦ «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደሚሉት»። ከመጽሐፍ ለተወሰደች ግማሽ መስመር የደራሲው ስም፣ ዓመቱና ገጹ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ አማካሪው ይቆጣል። ከአንዲት እናት ለተወሰደ የዕድሜ ልክ ዕውቀት ግን «ነዋሪዎች» ይበቃል። የትኛዋ እናት? ከማን ተማረችው? ጽሑፉ ሲታተም ሰማች? መልስ የለም።

መድረሳ ያደግን ልጆች ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። ሐዲስ ሲነገር ከቃሉ በፊት የሚመጣው ኢስናዱ ነው፤ እገሌ ከእገሌ፣ እርሱም ከእገሌ እየተባለ። አንድ ደረሳ ኪታብ ጨርሻለሁ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ቀራኸው?» ነው። ብቻውን ያነበበ ሰው ያነበበው ትክክል ቢሆን እንኳ በጥርጣሬ ይታያል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ዕውቀት ባለቤትና መንገድ እንዳለው እየተነገረን አድገን፣ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስንደርስ ይህን ልማድ እንደ ጫማ አውልቀን መግባታችን ይገርመኛል።

ይህ ኢስናድ ደግሞ ከሐዲስ አልፎ ወደ ሳይንሱም ገብቶ ነበር። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ ስለ ዕፅዋት በጻፈው ሰፊ ኪታብ የበረሃ ዐረቦች ለእያንዳንዱ ተክል የሚሰጡትን ስም፣ መልኩንና ጥቅሙን መዝግቧል። እርሱ የተማረ የከተማ ሰው ነው፤ ምስክሮቹ ግን ግመል ጠባቂዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1248 ደማስቆ ላይ ያረፈው የአንዳሉሱ ኢብኑል በይጣር 1,400 ገደማ መድኃኒቶችንና ምግቦችን በዘረዘረበት ሥራው እያንዳንዱን ቃል ከማን እንዳገኘ ይናገራል። የራሱን ሐሳብ ሲጨምርም የራሱ እንደሆነ ይለያል። የዛሬው የማጣቀሻ ሕግ ከእነርሱ ጋር ቢተያይ ብዙም አይተዋወቅም የሚባል አይደለም።

ወደ አገራችን ልመለስ። የእንዶድን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠና፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጠ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ክብር ይገባቸዋል። ዐይኑን ገልጦ ወንዙን ባያይ ኖሮ ግኝቱ አይኖርም ነበር። ነገር ግን እንዶድ እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንደሚወቀጥ፣ ምን ያህሉ አረፋ እንደሚያወጣ ቀድመው ያወቁት አጣቢዎቹ ናቸው። ከእነርሱ መካከል የአንዷን ስም የሚያውቅ አለ? የኢስናዱ የመጀመሪያ ቀለበት ጠፍቷል። የኋለኛው ሰንሰለት ግን ረጅም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረትን እንደሚያጠፋ ካየ በኋላ ፓተንት እስከማውጣት ደርሷል።

የጤፉም ነገር ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገራችን ተቋማት ጋር የተዋዋለ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ያዘ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቀጠለ። ኔዘርላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ተብሎ የተሻረው በ2018 በሔግ ፍርድ ቤት ነው። እናቶቻችን በየቀኑ የሚያቦኩትን ነገር ከአንድ ድርጅት ለማስለቀቅ አሥር ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ተወሰደ ዕውቀት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከነጭራሹ ያልተጠየቀው ነው። ለዚህ ከአፋር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የአፋር አርብቶ አደር ቤት ዳቦይታ ይባላል። እንጨቱ ጎብጦ ይተከላል፣ በላዩ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ይለብሳል፤ ጉዞ ሲመጣ ተነቅሎ በግመል ይጫናል። ሰሌኑን የምትሠራውም፣ ቤቱን የምትተክለውም፣ የምትነቅለውም ሴቷ ናት። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ቀላል መዋቅር፣ ስለ አየር ዝውውርና ተገጣጥሞ ስለሚፈታ ቤት ስንማር ምሳሌዎቹ ሁሉ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። በአገራችን እጅግ ሞቃት በሆነው ምድር ላይ የሚቆመውን ቤት በሠሌዳ ላይ ሲሣል አላየሁም። አንዳንዱ ሰው ዳቦይታን ሲያይ ድህነት ነው የሚታየው። እኔ የሚታየኝ የትኛው እንጨት ሳይሰበር እንደሚጎብጥ፣ ቅጠሉ መቼ እንደሚቆረጥና ስንት ጭነት እንደሚሆን የሚያውቅ እጅ ነው። ምህንድስና ነው፣ የዕፅዋት ሳይንስ ነው፣ ሰሌኑ ላይ ላለው ጥለት ደግሞ ሥነ ጥበብ ነው። ሦስት ትምህርት ክፍል ከፋፍለን የምንማረውን አንዲት ሴት በአንድ ሥራ ትይዘዋለች።

እዚያው አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ አለ። ይህ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በረሃማነትን ይገታል ተብሎ በአዋሽ አካባቢ ተተከለ። የተከሉት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ችግኙ ድርቅ ይችላል፣ አፈር ይይዛል። ከብቱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በፋንድያው በተነው፤ ዛሬ ዛፉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። የሸፈነው ባዶ መሬት አይደለም። በበጋ የሚደረስበትን የአዋሽ ዳር ግጦሽ ነው፣ ሣሩ በየስሙ የሚታወቅበትን። የትኛው ሣር ለላም፣ የትኛው ለግመል እንደሚሆንና ጎርፍ ሲመለስ ምን እንደሚበቅል የሚያውቁ ሽማግሌዎች እዚያው ነበሩ። ዕውቀታቸው እንደ ዕውቀት ቢቆጠር ኖሮ ቢያንስ «ይህ ዛፍ የከብታችንን መኖ ቦታ ቢይዝ ምን እናደርጋለን?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይነሳ ነበር። ግጦሹ ሲጠፋ ደግሞ የሚጠፋው ሣር ብቻ አይደለም። ልጁ ያላየውን ሣር ስም አይማርም።

አንዳንድ ወንድሞች «የባህል ዕውቀት ሁሉ ትክክል ነው ልትለን ነው?» ይሉ ይሆናል። አልልም። ኢስናድ የተፈለገው እኮ የሰሙትን ሁሉ ለመቀበል ሳይሆን ለመመርመር ነው። ሙሐዲሶች ከማን እንደተሰማ ካወቁ በኋላ ሰውየው ይታመናል ወይ፣ በደንብ ይዟል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ኮሶ የሆድ ትል ያስወጣል፣ መጠኑ ሲያልፍ ግን ይጎዳል፤ ይህን በላብራቶሪ መለካት የእኛ ሥራ ነው። ምንጩን ያጠፋ ተማሪ ግን መመርመርም አይችልም። «ነዋሪዎች እንደሚሉት» ያለውን ሰው ተመልሰህ ማንን ትጠይቃለህ?

ሌላው ደግሞ የምርምር ሥነ ምግባር ስም ደብቁ ይላል ብሎ ይከራከራል። ይህ እውነት ነው፤ በሽታውን ወይም ችግሩን የነገረህን ሰው ስም መደበቅ አማና ነው። ሙያውን ያስተማረህን ሰው ግን ጠይቀው። «ስምዎ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ?» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አልፈልግም ካሉ ይቀራል። መድኃኒቱን አልነግርህም ካሉም ይቀራል፤ የአባቶቻቸው አደራ ነው፣ አንተ ለዲግሪህ ስትል የሚፈርስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ መሆኑን፣ አስቀድሞ አውቆ መፍቀድ ወይም መከልከል እንደሚችልና ከጥቅሙም ድርሻ እንዳለው ይደነግጋል። ብዙ አማካሪዎች ስለዚህ አዋጅ አይነግሩንም፤ ራሳችን ፈልገን እናንብበው።

ከጀመዓችን የምጠብቀው ትንሽ ነገር ነው። በመስጂዱ ጎን ያለችው የኪታብ መደርደሪያ ግማሿ ባዶ ናት። ዘንድሮ ለጥናት የሚወጣ ሁሉ ከሦስት ቅጂ አንዱን እዚያ ያስቀምጥ፣ አንዱን ለትምህርት ክፍሉ ይስጥ፣ ሦስተኛውን ዕውቀቱን ላገኘበት ቀበሌ ይመልስ። እንግሊዝኛው ለማይገባቸው እናትና አባት ደግሞ የጽሑፉን ፍሬ ነገር በአፋርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአደርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ በድምፅ ቀድቶ ይላክላቸው፤ ስልክ የሌለው ቤት ቢኖር እንኳ ስልክ ያለው ጎረቤት አይጠፋም። የአፋር ልጆች የሆናችሁ እህቶች ደግሞ አንድ ውለታ ዋሉልኝ፦ በዕረፍት ስትሄዱ እናቶቻችሁ ሰሌኑን ከየትኛው ቅጠል እንደሚሠሩ፣ ከማንስ እንደተማሩት ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የመዋቅር ፕሮጀክቴን በዳቦይታ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ፤ ኢንሻአላህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእነርሱ ስም ይቀመጣል፣ ከፈቀዱ።