ረቂቁ የት ሄደ?

«የዘመኑ ተማሪ መጻፍ አይችልም» የሚለው እሮሮ ከኮሌጅ መምህራን አፍ ጠፍቶ አያውቅም። ሻይ ሲጠጡም፣ ስብሰባ ሲቀመጡም ይኸው ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ የተማሪውን ስሕተት እየቃረሙ መሳቂያ ማድረጉን ተያይዘውታል። ግድ የለም፣ እንሳቅ። ከሳቁ በኋላ ግን እንጠይቅ፤ ለመሆኑ ይህን ተማሪ መጻፍ ያስተማረው ማነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ተማሪው 12 ዓመት ተጉዞ ብሔራዊ ፈተና ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛው የሚለካው ከቀረቡለት አማራጮች አንዱን በመምረጥ ነው፤ አንዲት አንቀጽ ጻፍ የሚለው የለም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ያው ምርጫ ነው። በምርጫ ገብቶ በምርጫ ይወጣል። በመካከሉ ግን «ሲኒየር ኢሴይ አቅርብ» ይባላል! ዋና ያላስተማሩትን ልጅ ዓባይ መሐል ወርውሮ «ይኸ ልጅ ዋና አይችልም» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የፍሬሽማን የእንግሊዝኛ ኮርስ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ የሚባሉትን ስሞች ያስተምራል። ከዚያ «ለሚቀጥለው ሳምንት አምስት አንቀጽ ጽፋችሁ አምጡ» ይባላል። ተማሪው ያመጣል፤ ወረቀቱ ወይ መምህሩ ቢሮ ቀልጦ ይቀራል፣ ወይ «ከ10 ስድስት» የሚል ቀይ ቁጥር ታቅፎ ይመለሳል። አራቱ የት ወደቁ? መልስ የለም፤ ትምህርቱ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አልፏል።

ለመጽሔትና ለጋዜጣ እየጻፍኩ ስኖር፣ ተማሪዎች «እስቲ አንብብልን» ብለው የሚያመጡልኝን ወረቀት በትርፍ ጊዜዬ አያለሁ። አንድ የሐረርጌ ልጅ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ስለሚተክልበት ምክንያት ጽፎ መጣ። «ቡና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ብሎ ይጀምራል። ሦስት ገጽ ሙሉ ያው የጀርባ አጥንት ነው። ወረቀቱን አጠፍኩና በአማርኛ «ለምን ይነቅላል?» አልኩት። «ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፤ ጫት ግን ደጋግሞ ይቆረጣል። አባቴ ቤት እህል ሲያልቅ ቡናው እስኪቀላ አይጠበቅም» አለኝ። ይህ ከወረቀቱ ላይ የት አለ? የለም! ልጁ የሚለው አጥቶ ሳይሆን ከመጻፉ በፊት «ምን ልትል ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ጠፍቶ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ ሐሳቡን አራት መስመር አድርጎ እንዲያሰፍር ነገርኩት። እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል። ሦስት ጊዜ ጻፈው። ሦስተኛው አሁንም የሰዋስው ግድፈት ነበረበት፤ ነገር ግን የሚነበብ ጽሑፍ ነበር።

ይህ አካሄድ ከፈረንጅ የመጣ የሚመስለው ካለ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ይመልከት። (የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ልመናና የውሻ ንክሻ ናፍቆኝ አይደለም።) ጀማሪውን በመጀመሪያው ቀን መወድስ ቍጠር የሚለው የለም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩ «ይኸ ቤት አልመታም፣ ይኸ ምሥጢሩ ላልቷል» እያለ ያርመዋል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ማርክ ሰጥቶ ማሰናበት የሚባል ነገር የለም። በየኒቨርሲቲዎቻችን የጠፋው ይህ በረቂቅና በንጹሕ ጽሑፍ መካከል ያለው መንገድ ነው።

«በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ ይዘን?» ይላሉ መምህራኑ። እውነት ነው፣ ከባድ ነው፤ ደሞዙም የሚያስቆጣ ነው። ነገር ግን ስልሳ ሰው አምስት አምስት አንቀጽ አስጽፎ አንዱንም በቅጡ ካለማንበብ፣ አንድ አንድ አንቀጽ አስጽፎ ሁለቴ ማንበብ አይሻልም? ማርኩንስ ለመጀመሪያው ሳይሆን ታርሞ ለተመለሰው ቢሰጡት ምን ይጎድላል?

ይህ ባለመሆኑ ነው በየዩኒቨርሲቲው በር ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች ከመተየብ አልፈው ደራሲ የሆኑት። ዛሬ እነሱም ተፎካካሪ መጥቶባቸዋል፤ ተማሪው ስልኩን «ጻፍልኝ» ብሎ ያዘዋል፣ ስልኩም ስሕተት የሌለበት፣ ሰውም የሌለበት ገጽ ይሰጠዋል። መምህሩም ንጹሕ ወረቀት ብቻ ነበርና የጠየቀው፣ የጠየቀውን አገኘ።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ሲኒየር ኢሴይን ሲቀበሉ ረቂቆቹን ከነስርዝ ድልዛቸው፣ ከነአማካሪው እርማት አብረው ይቀበሉ። ኮምፒውተር ቤቶቹ ለሐሰተኛ ረቂቅም ዋጋ ይቆርጡለታል አትበሉኝ፤ ይቁረጡ። ተማሪው አማካሪው ፊት ተቀምጦ «ይችን መስመር ለምን ሰረዝካት?» ሲባል የሚመልስለት ኮምፒውተር ቤቱ አይደለም።