ባቡሩ በየጣቢያው ይቁም

የባቡር ጥቅም የሚለካው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በሚቆምባቸው ጣቢያዎችም ጭምር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር አቃቂን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን ከለገሐር ጋር በቀጥታ ያገናኝ ነበር። በየጣቢያው ዙሪያ ገበያ ቆሟል፤ መንደር ወደ ከተማነት አድጓል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጉዞውን ማሳጠሩ የማይካድ ነው። ሆኖም የመንገደኛው መነሻ ከለገሐር ወደ ለቡ ርቋል፤ ባቡሩም መንገደኛ የሚያነሣው ከጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ሆኗል። ሐዲዱ በማሳው አጠገብ የሚያልፈው ገበሬ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ለከተማ ለማድረስ አሁንም የደላላና የጭነት መኪና ጥገኛ ነው።

የትናንሽ ጣቢያዎች ገቢ አነስተኛ ነው የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ ግን ጎደሎ ነው። ገቢው በቲኬት ሽያጭ ብቻ ከተቆጠረ፣ መጓጓዣ አጥቶ የሚበሰብሰው አትክልትና ለመኪና ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ኪሣራውን የሚሸከመው ገበሬውና የከተማው ሸማች ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የተሳፋሪውን ብዛት፣ የገበያውን ቀንና የሚጫነውን ኩንታል መዝግበው፣ በጉባኤ አስወስነው፣ ቢያንስ በገበያ ቀን በየጣቢያው የሚቆም ቀጥታ ባቡር እንዲመደብ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ይገባቸዋል። የአንድ ገበሬ ሁለት ሣጥን ቲማቲም ባቡር አያስቆምም፤ የአሥር ቀበሌ ምርት በአንድ ድምፅ ሲጠየቅበት ግን ሊያስቆም ይችላል።