መቅዳትና መማር

ልጆች ሆይ፥ መምህር በሰሌዳ ላይ ፊደል ጽፎ «ይህን አይታችሁ ጻፉ» ባለ ጊዜ አንዱ ተማሪ የፊደሉን መልክ ብቻ አይቶ ይስላል፤ ሁለተኛው ግን ድምፁን እያሰበ ይጽፋል። በዚያ ቀን የሁለቱ ጽሕፈት አንድ ይመስላል። በማግሥቱ ሰሌዳው በተጠረገ ጊዜ ግን ልዩነታቸው ይታወቃል። መልኩን ብቻ የሳለው ተማሪ የሚያየው ነገር ስለሌለ እጁ ይቆማል። ድምፁን የያዘው ተማሪ ግን የእናቱን ስምና የመንደሩን ስም፥ ማንም በሰሌዳ ጽፎ ያላሳየውንም ቃል ይጽፋል።

የፊተኛው ሥራ መቅዳት ነው፤ የሁለተኛው ሥራ መማር ነው። ይህም ልዩነት በትምህርት ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በእጅ ጥበብ ሁሉ ይገኛል። ዛሬ በወንዶች ልብስ ስፌት እንመለከተዋለን፤ ልብስ ሁላችን የምናውቀው ነገር ነውና። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ከ1901 እስከ 1910 ድረስ ኤድዋርድ 7ኛ የሚባል ንጉሥ ነገሠ። ይህ ንጉሥ ሰውነቱ ወፍራም ነበረ። ስለዚህ ከኮት በታች የሚለበሰውን የሰደርያውን የመጨረሻ ቁልፍ ሳይቆልፍ ይተወው ነበር ተብሎ ይነገራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቁልፉ በተቆለፈ ጊዜ ሆዱ ይጨነቅ ነበር። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ግን የንጉሡን አለባበስ አይተው የራሳቸውን ቁልፍ ፈቱ። ወፍራሙም ፈታ፥ ቀጭኑም ፈታ። ልማዱም ከአገር ወደ አገር አለፈ። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ወንዶች የሰደርያቸውን የታችኛውን ቁልፍ ሳይቆልፉ ይተዋሉ፤ ስለ ምን እንደሚተዉት የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ንጉሡ ቁልፉን የፈታው ስለ ሆዱ ነው፤ ቀጭኑ ሰው ግን የፈታው ስለ ንጉሡ ነው።

በዚህ ነገር ማንም አልተጎዳም፤ እንዲያውም ያሥቃል። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ራሱ ምክንያቱን ሳይጠይቅ የሌላውን ሥራ የቀዳ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ ገንዘብ ከፍሎ ለሚለብሰው ሰው ይተርፋል። ስለዚህ ምክንያቱን የጠየቁ ሰፊዎች እንዴት እንደ ሠሩ እንይ።

በለንደን ከተማ ሳቪል ሮው የሚባል መንገድ አለ። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወንድ ልብስ ሰፊዎች ስለሚሠሩበት ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ከዚያ ሰፈር ሰፊዎች አንዱ ፍሬድሪክ ስኮልቴ ይባል ነበር፤ ትውልዱም ሆላንዳዊ ነው። ስኮልቴ የንጉሥ ዘበኞች መኮንኖች የሚለብሱትን ካፖርት ተመለከተ። ካፖርቱ ወገቡ ላይ በመታጠቂያ ጠበቅ ብሎ ሲታሰር፥ በደረትና በጀርባ ላይ ያለው ጨርቅ ሰፋ ብሎ በለስላሳ እጥፋት ይወርድ ነበር። የለበሰውም ሰው ደረቱ ሰፊ፥ ወገቡ ቀጭን ሆኖ ይታይ ነበር።

ስኮልቴ የሚቀዳ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? የወታደሩን ካፖርት ከነመታጠቂያው፥ ከነሚያብረቀርቀው ቁልፉ ሰፍቶ ለነጋዴው ያለብሰው ነበር። ነጋዴውም በሱቁ ውስጥ ያለ ሠራዊት የሚያዝዝ የጦር አለቃ መስሎ በተሣቀበት ነበር። ስኮልቴ ግን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፤ «ይህን ካፖርት የሚያሳምረው ነገር ምንድር ነው?» መልሱን ከመታጠቂያው አላገኘውም፥ ከቁልፉም አላገኘውም። ያገኘው በደረቱ ላይ ከተተወው ስፋትና ከጨርቁ አወራረድ ነው።

ይህንንም ባወቀ ጊዜ ሰላማዊ ሰው የሚለብሰውን ኮት በዐዲስ መንገድ ቈረጠ። በደረቱና በጀርባው ላይ ጥቂት ትርፍ ጨርቅ ተወ፤ ወገቡንም ጠበቅ አደረገ። እጅጌው የሚገጠምበትን ቀዳዳ ወደ ብብት ከፍ አድርጎ አጠበበው። ቀዳዳው ዝቅ ብሎ ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሰው እጁን ሲያነሣ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሣል። ቀዳዳው ከፍ ብሎ ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ ግን እጁ ይነሣል፥ ኮቱ በስፍራው ይቀራል። ያን ኮት ያየ ሰው «ይህ የወታደር ልብስ ነው» አላለም። ነገር ግን የወታደሩ ካፖርት ባይኖር ይህ ኮት አይገኝም ነበር።

ከስኮልቴ ደንበኞች አንዱ አስቀድመን የጠራነው ንጉሥ የልጅ ልጅ ነበረ። እርሱም በ1936 ነግሦ በዚያው ዓመት ዙፋኑን የተወው ኤድዋርድ 8ኛ ነው። ከ1919 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ኮቱን በዚህ ሰፊ ቤት ያሰፋ ነበር። ደግሞ ፔር አንደርሰን የሚባል የስዊድን ተወላጅ ከስኮልቴ ዘንድ ይህን አቆራረጥ ተማረ። በእርሱ ስም የተጠራውም አንደርሰን ኤንድ ሼፐርድ የተባለው የልብስ ስፌት ቤት በ1906 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ከቀዝቃዛው ለንደን ወደ ሞቃቱ ናፖሊ እንሂድ። ናፖሊ በኢጣልያ ደቡብ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ፀሓይዋ ብርቱ ነው። በዚያ የነበሩ ባለጠጎች የእንግሊዝን ልብስ እጅግ ይወዱ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ጄናሮ ሩቢናቺ ይባል ነበር። ሩቢናቺ በ1932 በናፖሊ የልብስ ስፌት ቤት ከፍቶ ስሙን በእንግሊዝኛ ለንደን ሃውስ፥ ማለት የለንደን ቤት ብሎ ጠራው። ቪንቼንዞ አቶሊኒ የሚባል ብልህ ጨርቅ ቈራጭም በዚያ ቤት ሠራ።

በዚያ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ኮት እንዴት ያለ ነበር? ጨርቁ ከባድ ሱፍ ነው። ትከሻው መሙያ ተጨምሮበት የደነደነ ነው። በጨርቁና በገበሩ መካከል ጠንካራ ሸራ ይገባል፤ ገበሩም ውስጡን ሁሉ ይሸፍናል። ይህ ሁሉ በከንቱ የተደረገ አይደለም። የእንግሊዝ አገር ብርድና ጭጋግ ይበዛበታል፤ በዚያ ዘመን ቤቶቹም በሚገባ አይሞቁም ነበር። ስለዚህ ለእንግሊዛዊው ከባዱ ኮት እንደ ሁለተኛ ቤት ያገለግለው ነበር። ያው ኮት ሳይለወጥ በናፖሊ ፀሓይ ቢለበስ ግን ለባሹን በላብ ያጠምቀዋል። ሰውየው ያማረ መስሎት ይወጣል፥ ተቃጥሎ ይመለሳል።

አቶሊኒ ይህን አስተዋለ። የእንግሊዙን ኮት ቁመናና ክብር ወደደ፤ የደነደነውን ነገር ግን አንድ በአንድ አወጣው። የትከሻውን መሙያ አስወገደ። ሸራውን አቀለለ፤ ገበሩንም ቀነሰ። እጅጌውን ከቀዳዳው ጥቂት አስፍቶ ቈርጦ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ሽብሽብ አድርጎ ገጠመው፤ ስለዚህ ትከሻው ለስላሳ ሆነ፥ እጁም ያለ ችግር ተንቀሳቀሰ። የደረቱንም ኪስ ጫፉን ወደ ላይ ቀና አድርጎ በትንሽ ታንኳ አምሳል ቈረጠው። እንዲህ ሆኖ የተሠራው ኮት ከቀላልነቱ የተነሣ ለባሹ ኮት መልበሱን የሚረሳበት ሆነ። ዛሬ የናፖሊ ኮት ከእንግሊዝ ኮት ተለይቶ በራሱ ስም በዓለም ይታወቃል።

ልጆች ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሩቢናቺ አሳቡን ከየት እንዳገኘው አልሸሸገም፤ የለንደንን ስም በቤቱ በር ላይ ጻፈው። በሩን ያየ ሰው ቤቱ ከማን እንደ ተማረ ያውቃል፤ ኮቱን የለበሰ ሰው ግን ለናፖሊ ፀሓይ እንደ ተሰፋ ያውቃል። የሚቀዳ ሰው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው። መልኩን እንዳለ ይወስዳል፥ የወሰደበትን ስፍራ ግን ይሸሽጋል፤ «እኔ ራሴ አሰብሁት» ብሎም ይናገራል። የሌላውን ሰፊ ስም በራሱ ኮት ላይ ለጥፎ የሚሸጥም አለ፤ ይህስ ከመቅዳት አልፎ ማታለል ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እንግዲያስ መቅዳት ሁሉ ክፉ ነውን? እኛስ ፊደልን የተማርነው እየቀዳን አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። የሚማር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይቀዳል፤ በዚህም አያፍርም። የልብስ ሰፊ ደቀ መዝሙር የጌታውን አቆራረጥና አሰፋፍ መቶ ጊዜ ይደግማል። ያረጀ ኮት ባገኘ ጊዜም ስፌቱን በጥንቃቄ እየፈታ ውስጡ እንዴት እንደ ተሠራ ይመረምራል፤ ሸራው ወዴት እንደ ገባ፥ ክሩ ወዴት እንደ ጠበቀና ወዴት እንደ ላላ ያያል። ይህ መቅዳት ወደ እውቀት የሚያደርስ መንገድ ነው። ነቀፌታው በመንገዱ ላይ ተቀምጦ «ደርሻለሁ» በሚለው ሰው ላይ ነው።

ሌላው ደግሞ «መልካም ኮት ከተገኘ በኋላ ስለ ምን እንደክማለን? እንዳለ ብንቀዳው ይፈጥናል፥ ዋጋውም ይረክሳል» ይል ይሆናል። በእርግጥ ድኻው ሰው በርካሽ ዋጋ መልካም ኮት ቢያገኝ ደስ ይለናል። ነገር ግን የቀዳው ሰፊ ራሱን ምን አደረገ? ጌታው ዐዲስ ነገር እስኪያወጣ ድረስ መቀሱን ይዞ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትከሻው የዘመመ ወይም ጀርባው የጐበጠ ደንበኛ ቢመጣበት ኮቱን እንዴት እንደሚያስተካክልለት አያውቅም፤ የኮቱን መልክ እንጂ ምክንያቱን አልያዘምና። ደንበኛውም ገንዘቡን ከፍሎ የማይስማማውን ልብስ ይዞ ይሄዳል።

ደግሞም ከቀጂው በተቃራኒ የሚሳሳት ሰው አለ። እርሱም ከማንም አልማርም ብሎ፥ ዐዲስ ለመባል ብቻ ልብሱን የሚያጣምም ነው። ያለ ምክንያት መለወጥም ያለ ምክንያት እንደ መቅዳት ያለ ስንፍና ነው። አቶሊኒ መሙያውን ያወጣው ከእንግሊዝ ለመለየት አይደለም፤ የናፖሊ ሰው በሙቀት እንዳይጨነቅ ነው እንጂ።

እንግዲህ ከሌላው ሰው ሥራ አንድ ነገር ለመውሰድ በወደዳችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። መጀመሪያ፥ ያ ሰው ይህን ነገር እንዲህ አድርጎ የሠራው ስለ ምን ነው? ሁለተኛ፥ የእርሱ ምክንያት እኔ ባለሁበት አገርና በማገለግለው ሰው ዘንድ ይገኛልን? ሦስተኛ፥ ከማን እንደ ተማርሁ ሳላፍር መናገር እችላለሁን? ሦስቱን በእውነት የመለሰ ሰው ቢወስድም አይሰርቅም፤ ቢለውጥም አያበላሽም።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል። ወርቁን የሠራውን አንጥረኛ ጥበብ የተማረ ሰው ግን የራሱን ወርቅ ይሠራል፤ እርሱም ያደምቀዋል። ነገ መምህራችሁ ሰሌዳውን በሚጠርግበት ጊዜ እጃችሁ እንዳይቆም፥ ዛሬ የፊደሉን ድምፅ ያዙ።