የወርቅ ገመድና የቆርቆሮ ጣሪያ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር አካባቢ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ «ቶሎ ናና ጉድ ስማ» ብሎ ደወለልኝ። ሄድኩ። ጉዱ ገመድ ነው። በስንት ወር ቁጠባ፣ አሜሪካ ባለው የአጎቱ ልጅ በኩል አስመጥቶታል፤ ከራውተሩ ወደ ማጫወቻው የሚሄድ፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ የኔትወርክ ገመድ። አብራው ደግሞ «የኢንተርኔቱን ቆሻሻ ታጣራለች» የተባለች ትንሽ ሳጥን መጥታለች። ዋጋውን ሲነግረኝ ተቀመጥኩ።

«ስማ! ማሲንቆው ፊትህ ያለ አይመስልም?» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ለአፍታ መሰለኝ። የጓደኛ ደስታ ይጋባል። ኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቀመጥና የትኛውን ገመድ እንደሰካሁ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ሳጥኗንም አንዴ እያስገባሁ አንዴ እያወጣሁ አሥር ጊዜ ሞከርን። አምስቱን አገኘ። ሳንቲም ብንወረውርም ያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ገመድ ውስጥ የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው። ዘፈኑ በትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይላካል፤ እያንዳንዱ እሽግም የራሱ መፈተሻ አለው። መንገድ ላይ የተበላሸው ይጣልና እንደገና ይላካል። የደረሰውም ወዲያው አይዘፈንም፤ ማጫወቻው ውስጥ ተጠራቅሞ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ መጥፎ ገመድ ዘፈኑን ሊያቋርጠው ይችላል እንጂ ማሲንቆውን አያደነዝዘውም። ደግሞስ ተራው ካት 5ኢ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ይሸከማል። ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ የሚፈልገው 1.4 ሜጋቢት ገደማ ነው። ለአንድ ቁና ጤፍ መኪና ከነተሳቢው ማለት ነው!

«የኤሌክትሪክ ጫጫታስ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ አልክድም። በብረት የተሸፈነ ገመድ ሁለት ዕቃዎችን በግራውንድ ሲያገናኛቸው ስፒከሩ «እምምም» ሊል ይችላል። ይህን ግን ተራው ያልተሸፈነ ገመድ ወይም ዋይፋይ ይፈታዋል። የወርቅ ዋጋ አያስከፍልም።

እኔ የምለው ድምፁ የሚበላሸው ከገመዱ በፊትና ከገመዱ በኋላ ነው። ከኋላው እንጀምር። የጓደኛዬ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ስፒከሮቹ ቁም ሳጥን ላይ ጥግ ውስጥ ተወትፈዋል። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ይውላል። ስፒከሮቹን አውርደን በጆሮ ከፍታ አስቀመጥናቸው፣ ምንጣፍ አነጠፍን፣ የእናቱን ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። በዚህ ጊዜ ፊቱን ማዞር እንኳ አላስፈለገውም። የዘፋኙ ቃል ለየለት።

ከገመዱ በፊት ያለው ደግሞ ቅጂው ነው። ስንቱ የምንወደው ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጦ፣ ኤምፒስሪ ሆኖ ተጨምቆ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ? እዚያ የጠፋውን ምንም ፊልተር አይመልሰውም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች እንደገና ወጥተው ዓለም የሰማቸው፣ መጀመሪያውኑ በወጉ የቀዳቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ የትኛው ገመድ ነበር የሚያዋጣው? ዘፈን የነበረው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። በ320 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 144 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ኔትወርክ ባለበት ቀን ጥሩውን ቅጂ አውርዶ ማስቀመጥ ከየትኛውም ሳጥን ይበልጣል።

የጓደኛዬ ገንዘብ የራሱ ነው፣ ደስታውም የራሱ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያ ገንዘብ ደህና ማይክሮፎን ይገዛ ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር ማታ ማታ የሚጫወቱ አዝማሪዎች አሉ፤ የብዙዎቹ ድምፅ ያለው በሰው ስልክ ውስጥ፣ ከብርጭቆ ኳኳታ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዛሬ በወጉ ካልቀዳናቸው ነገ በወርቅ ገመድ የምንሰማው ያንኑ ኳኳታ ነው።

ገመዱ እስካሁን እንደተሰካ ነው፤ ይሠራላ! ጋቢውን ግን እናቱ «መልሱልኝ» እያሉ ነው።