የአዲስ አበባ አየርና የጎልፍ ዱላ ምርጫ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ለማቅናት ራስ መኮንን ድልድይን የሚሻገር ሰው የሚተነፍሰው አየር ስስ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ይህ እውነታ በከተማችን ጎልፍ የሚጫወቱትንም ይመለከታል።

መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተጫዋች ለመጀመሪያው ረጅም ምት የሚያገለግለውን ዱላ፣ ማለትም ድራይቨርን፣ ሲገዛ ዋጋንና ማስታወቂያን ሊከተል ይችላል። ይሁን እንጂ የጨዋታው ሕግ የዱላውን ጭንቅላት ይዘት ከ460 ሳንቲ ሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ኳስ የማንጠር ኃይሉንም ገድቧል። ስለሆነም ውድ ዱላ ከሕጉ ጣሪያ አያልፍም።

በእኔ እምነት ቀዳሚው መመዘኛ የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። ወደ ኋላ እየሾረች የምትበር ኳስን አየር ወደ ላይ ይደግፋታል። አየሩ ሲሳሳ ጎታቹ ኃይል ይቀንሳል፤ ደጋፊውም አብሮ ይቀንሳል። ፈጣን ክንድ ላለው ባለሙያ 9 ዲግሪ ሊበቃው ይችላል፤ ምቱ መካከለኛ ለሆነ ግን ከ10.5 እስከ 12 ዲግሪ ይበጀዋል።

የገና ተጫዋች ዱላውን ለክንዱ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ የጎልፍ ተጫዋችም ከመግዛቱ በፊት ሁለት ዱላዎች ተውሶ፣ በእያንዳንዱ አሥር ኳስ መትቶ፣ ርቀቱን በዚሁ በአገሩ አየር ለክቶ ይመዝግብ።